ጸጉር ማስወገጃ ምርቶች፦ ማስታወቂያው ምን ይላል? ቆዳችንስ?



ባለፈው ረመዷን የመጨረሻ ሳምንት ላይ አንዲት የዶርማችን እህት ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አልወረደችም። ተራዊሕ አልመጣችም፤ ክላስም አልገባችም። ስንጠይቃት «ሆዴን አሞኝ ነው» ትለናለች። በሦስተኛው ቀን መራመድ ሲያቅታት እውነቱን ነገረችኝ። ለዒድ ብላ በቴሌግራም ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ጸጉር ማስወገጃ ክሬም አዝዛ ነበር። ማስታወቂያው «ያለ ሕመም፣ በ5 ደቂቃ፣ ከሥሩ፣ ለዘላለም» ይላል። በዕቃው ላይ ያለው መመሪያ በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። እሷም «ከሥሩ እንዲነቅልልኝ ትንሽ ይቆይ» ብላ 5 ደቂቃውን 25 አደረገችው። ብሽሽቷ ተልጦ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ማመርቀዝ ጀምሮ ነበር። ክሊኒክ ያልሄደችው አፍራ ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ድናለች። ይህንንም የጻፍኩት በእሷ ፈቃድ ነው። «ሌላዋ እንዳትቃጠል ጻፊው፤ ስሜን ብቻ አታንሺ» አለችኝ። እኔ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ፤ ዳዒም ሙፍቲም አይደለሁም። ስለ ዲኑ የማነሳው በዑለማዎች ኪታብ የታወቀውን ብቻ ነው። ዋናው ዓላማዬ ግን እነዚህ ምርቶች በምን መንገድ እንደሚሠሩ፣ ከሚሉት ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ ማሳየት ነው።

ሸሪዓው የጠየቀን ምንድን ነው?

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከፊጥራ ከቆጠሯቸው አምስት ነገሮች መካከል የብልት አካባቢን ጸጉር መላጨትና የብብትን ጸጉር መንጨት ይገኙበታል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ይህን ከ40 ቀን በላይ እንዳናቆየው ገደብ ተቀምጧል። 40 ቀን የመጨረሻው ገደብ ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም፤ ቀድሞ የረዘመበት ሰው ቀድሞ ያስወግዳል። በየዶርሙ «40 ቀን ካለፈ ሶላት ተቀባይነት የለውም» ሲባል እንሰማለን። ማቆየቱ የተጠላ ነው፤ ሶላቱን ግን አያበላሽም።

በምን እናስወግድ? ኢማሙ ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ለብልት አካባቢ በላጩ መላጨት መሆኑን፣ በመቁረጥ፣ በመንጨትና በኑራ ማስወገድም እንደሚቻል ገልጸዋል። ኑራ በጥንቱ የሙስሊም ዓለም በሐማም ቤቶች ይሠራበት የነበረ የኖራና የአርሴኒክ ድብልቅ ነው፤ ስሙም የእኛኑ «ኖራ» ያስታውሳል። የዛሬው ክሬም እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኑራ የልጅ ልጅ ነው። ኢማሙ ነወዊ ስለ ኢማሙ ሻፊዒይም አንድ ነገር ይጠቅሳሉ። አንድ ተማሪያቸው ወደ እርሳቸው ሲገባ ብብታቸውን በምላጭ እያስላጩ ያገኛቸዋል። እርሳቸውም ሱናው መንጨት መሆኑን እንደሚያውቁ፣ ሕመሙን ግን እንደማይችሉት ነገሩት። መዝሀባቸውን የምንከተላቸው ታላቅ ኢማም ለሕመም ብለው ወደ ምላጭ ከዞሩ፣ እኛም ቆዳችን የማይችለውን ነገር መተው አያሳፍረንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሸሪዓው ጸጉሩ ለዘላለም ይጥፋ አላለንም። በ40 ቀን ውስጥ ይወገድ ነው ያለን። ይህንን ደግሞ ጥቂት ብር የሚያወጣ ምላጭ ይፈጽመዋል። «ለዘላለም» የሚለው ማስታወቂያ የሚሸጥልን ዲናችን ያልጠየቀንን ነገር ነው። መፈለጉ ራሱ ሐራም ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች ጉዳት እስካላስከተለና ዓውራ እስካልተገለጠ ድረስ ሊወገድ የሚገባውን ጸጉር በሌዘር ማስወገድን ፈቅደዋል። ለማለት የፈለግኩት በግዴታ ስሜት ተገፋፍተን፣ የኪስ ገንዘባችንን ከፍለን፣ ቆዳችንን መስጠት የለብንም ነው።

የዓውራ ጉዳይ ሌላም ነገር ያስረዳናል። በብዙሃኑ ዑለማ አቋም የሴት ዓውራ በሴት ፊትም ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው። ስለዚህ እህቶቻችን እንደሌሎች ሴቶች ውበት ሳሎን ሄደው ይህን አካባቢ ማሠራት አይችሉም። ወንድሞችም እንዲሁ። «በቤትዎ፣ ብቻዎን» የሚለው ማስታወቂያ ከማንም በላይ ልባችንን የሚነካው እኛን ነው። ብቻችንን የምንጠቀም ከሆነ ግን ብቻችንን ማወቅም ይኖርብናል፤ ስንሳሳት አጠገባችን የሚያርመን ባለሙያ የለምና።

መጀመሪያ ጸጉሩን እንወቅ

ከቆዳ በላይ የምናየው ጸጉር ሕይወት የለውም። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ዘንግ ነው። ሕያው የሆነው ክፍል ከቆዳ ሥር፣ ፎሊክል በሚባል ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ጸጉር የሚመረተውም እዚያ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ምርት ስናይ «የሚደርሰው እስከ የት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሦስት ደረጃ አለ፦ ዘንጉን ከላይ የሚቆርጥ፣ ጸጉሩን ከነሥሩ የሚነቅል፣ ከረጢቱን ራሱን የሚያበላሽ። የመጀመሪያው ለቀናት፣ ሁለተኛው ለሳምንታት ያገለግላል። ለረጅም ጊዜ ተስፋ የሚሰጠው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጸጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም። አንዱ ሲያድግ ሌላው ያርፋል፤ ያረፈውም ይረግፍና በቦታው አዲስ ይበቅላል። የራስ ጸጉር የማደጊያ ጊዜው ከ2 እስከ 6 ዓመት ስለሆነ ይረዝማል፤ የብብት ጸጉር ግን በወራት ብቻ ስለሚቆጠር አጭር ሆኖ ይቀራል። በዚህም የተነሳ ዛሬ ያደረግነው ነገር ዛሬ ከቆዳ ሥር ተኝቶ ያለውን ጸጉር አያገኘውም። «በአንድ ጊዜ ብቻ ሁሉንም» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ይህን አስታውሱ።

ምላጭ

ስለ ምላጭ የሚወራው ትልቁ ነገር «ያወፍረዋል፣ ያበዛዋል» የሚለው ነው። ብዙዎች ወደ ውድ ምርት የሚሄዱት ይህን ፈርተው ነው። ሚልድረድ ትሮተር የተባሉ አሜሪካዊት የአናቶሚ ተመራማሪ በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መላጨት የጸጉርን ውፍረትም ሆነ እድገት እንደማይለውጥ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ያንኑ ነው የደገፉት። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ምላጭ ከረጢቱ ጋር አይደርስም። የሚሻክረንና ወፍራም የሚመስለን፣ ያልተቆረጠ ጸጉር ጫፉ ሹል ሲሆን የተቆረጠው ደግሞ ደልዳላ ስለሚሆን ነው።

ምላጭ ችግር የለውም ማለት ግን አይደለም። የእኛ ጸጉር ብዙውን ጊዜ ጥቅልል ነው። ተቆርጦ ሲያድግ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባና ቀይ ወይም ጥቁር እብጠት ይሠራል። ይህን ለመቀነስ ጸጉሩ ረጅም ከሆነ መጀመሪያ በመቀስ ማሳጠር፤ በለብታ ውሃና በሳሙና አረፋ ማለስለስ፤ ጸጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ሳይጫኑ መላጨት፤ የደነዘዘ ምላጭ መጣል ይጠቅማል። እብጠቱ የሚደጋገምባችሁ ካላችሁ ሙልጭ ከማድረግ ይልቅ በመቀስ ወይም በማሳጠሪያ ማሽን አሳጥራችሁ ቆዳውን አሳርፉት።

አደራ፦ ምላጭ አትዋዋሱ። ዶርም ውስጥ ሳሙናም ጫማም እንዋዋሳለን፤ ምላጭ ግን በዓይን የማይታይ ደም ይይዛል። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ክሬም

ቪትና ኔርን የመሳሰሉ ጸጉር ማስወገጃ ክሬሞች በአብዛኛው የሚሠሩት ቲዮግላይኮሌት በሚባል ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል የኬራቲንን የሰልፈር ማያያዣዎች ይበጥሳል፤ ጸጉሩም እንደ ሙጫ ለስልሶ ይጠረጋል። የተበላሸ እንቁላል የመሰለው ሽታም ከሰልፈሩ ነው። እንዲሠራ ግን ጠንካራ አልካሊ ያስፈልገዋል፤ የክሬሙ ፒኤች 12 አካባቢ ነው። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች ግን 5 አካባቢ ነው። ፒኤች 12 ከምናውቀው በረኪና ብዙ የማይርቅ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የላይኛው የቆዳችን ሽፋንም የተሠራው ከኬራቲን ነው። ክሬሙ ጸጉርንና ቆዳን ለይቶ አያውቅም። ጸጉር በሰልፈር ማያያዣ የበለጸገ ስለሆነ ቀድሞ ይሟሟል፤ ቆዳው የሚተርፈው በዚህ የደቂቃዎች ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ በዕቃው ላይ የተጻፈው ሰዓት ምክር ሳይሆን ገደብ ነው። እህታችን የጨመረቻቸው 20 ደቂቃዎች ወደ ሥሩ አላስጠጓትም፤ ክሬሙ ዘንጉን ከቆዳው ወለል አካባቢ ያሟሟል እንጂ ከረጢቱን አያጠፋም። የጨመረው ጊዜ የሄደው ቆዳዋ ላይ ነው።

ታዲያ ማስታወቂያው ልክ ነው? «በደቂቃዎች» የሚለው እውነት ነው። «ያለ ሕመም» የሚለው በትክክል ከተጠቀሙበትና ቆዳው ከተቀበለው ብቻ ነው። «ከሥሩ» እና «ለዘላለም» የሚሉት ውሸት ናቸው፤ ከቀናት እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል።

የምትጠቀሙ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት በትንሽ ቦታ ሞክሩ፤ ሰዓት ያዙ፤ በተቆረጠ፣ በቆሰለ ወይም በዚያው ቀን በተላጨ ቆዳ ላይ አትቀቡ። ለእግር የተሠራውን ለብልት አካባቢ አትጠቀሙ፤ ለዚያ አካባቢ ተብሎ የተዘጋጀውም ቢሆን ለውጪው ቆዳ ብቻ ነው፤ ወደ ውስጠኛው እርጥብ ክፍል በፍጹም መድረስ የለበትም። ማቃጠል ከጀመረ ሰዓቱ ባይሞላም ወዲያው እጠቡት።

ዋክስ፣ የስኳር ሐላዋና መንቀያ ማሽን

እነዚህ ሁለተኛው ደረጃ ናቸው፤ ጸጉሩን ከነሥሩ ይነቅላሉ። ከረጢቱ ግን በቦታው ስለሚቀር አዲስ ያመርታል። «እስከ 4 ሳምንት ለስላሳ» የሚለው ማስታወቂያ ከሌሎቹ ሲነጻጸር ለእውነት ይቀርባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ከ40 ቀኑ ጋርም ይገጥማል። ነገር ግን ሙሉ ለሙሉ ንጹሕ ሆኖ አይቆይም፤ በሚነቀልበት ቀን አጭር የነበረውና አርፎ የነበረው ጸጉር በሳምንቱ ብቅ ይላል። ደጋግሞ መንቀል አንዳንዶች ላይ ከዓመታት በኋላ ጸጉሩን ያሳሳዋል፤ ዋስትና ግን የለውም።

በዐረብ አገሮች ሐላዋ የሚሉት ከስኳር፣ ከሎሚና ከውሃ የሚፈላ ሊጥ ርካሽ ነው፤ በለብታ ውሃም ይታጠባል። አደጋው ሙቀቱ ነው። የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ የበለጠ ይሞቃል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ዶርም ውስጥ በድብቅ በስቶቭ አፍልታችሁ ገና ትኩስ እያለ አትለጥፉት። ለብጉር የሬቲኖይድ ቅባት ወይም አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን እንክብል የምትወስዱ ደግሞ ዋክስ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ቆዳችሁ ስለሚሳሳ ከጸጉሩ ጋር ሊላጥ ይችላል።

አንድ የጡሀራ ጉዳይም አለ። የዋክስ ቅሪት ቆዳ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ውሃ እንዳይደርስ ይከለክላል። ውዱእ ወይም ትጥበት ከማድረጋችሁ በፊት በደንብ ማንሳት ያስፈልጋል፤ በሰም የተሠራው ብዙ ጊዜ የሚለቀው በዘይት ነው።

«ክሪስታል» እና «ጸጉር አስቀሪ ዘይት»

ሰሞኑን በቲክቶክ የሚታየው ክሪስታል የሚባለው ማሻሻ ቆዳ ላይ በክብ እየተሻሸ ጸጉርን የሚሰባብር ሸካራ መስታወት ነው። «ሕመም የለውም፣ ለዓመታት ያገለግላል» ይባላል። ጸጉሩን መስበሩ እውነት ነው፤ ግን የሚደርሰው እንደ ምላጭ እስከ ቆዳው ወለል ብቻ ነው። የሚፍቀው ደግሞ ጸጉሩን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንም ነው። ለብብትና ለብሽሽት ሳሳ ላለ ቆዳ አይመከርም።

ከዚያ ደግሞ «የጉንዳን እንቁላል ዘይት» እና መሰሎቹ አሉ፤ «ጸጉሩን ነቅለው ይቀቡት፣ ተመልሶ አይመጣም» ይባላል። ይህን የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሴቶች የፊት ጸጉር በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኤፍሎርኒቲን የሚባለው ቅባት እንኳ የሚያደርገው እድገቱን ማዘግየት ነው፤ ሲቆም ጸጉሩ በ8 ሳምንት ገደማ ወደነበረበት ይመለሳል። የተመረመረው መድኃኒት ያልቻለውን አንድ ጠርሙስ ዘይት ቻለ ሲባል መጠየቅ ይገባናል።

የብርሃን መሣሪያዎች

ሦስተኛው ደረጃ እዚህ ነው። ሌዘርና አይፒኤል የሚባለው የብርሃን መሣሪያ የሚሠሩት በአንድ መርሕ ነው፦ ብርሃኑን ጸጉሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም፣ ማለትም ሜላኒን፣ ይውጠዋል፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱም ከረጢቱን ያዳክማል። የዚህን መርሕ መሠረት አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። ለቤት መጠቀሚያ የሚሆን ሌዘር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን በእጅ የሚያዙት አብዛኞቹ አይፒኤል ናቸው።

ይሠራሉ? ለሚስማማው ሰው አዎን፤ ጸጉሩ ይቀንሳል፣ ይሳሳል። ግን የታወቁ አምራቾች መመሪያ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያም በየተወሰነ ጊዜ መድገም እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ይህ ከ«ለዘላለም» ጋር አንድ አይደለም። የአሜሪካው ባለሥልጣንም ለሌዘር የሚፈቅደው አገላለጽ «ዘላቂ ቅነሳ» ነው እንጂ «ዘላቂ ማስወገድ» አይደለም። በዘላቂነት ማስወገድ የተባለለት ኤሌክትሮሊሲስ ብቻ ነው፤ እሱም በእያንዳንዱ ጸጉር ከረጢት ውስጥ ቀጭን መርፌ እየከተቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ባለሙያና ብዙ ቀጠሮ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የተጀመረውም በ1875 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ሚሸል በተባሉ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ወደ ዓይን የሚያድግ ሽፋሽፍትን ለማንሳት ነበር።

ለእኛ ትልቁ ነገር የቆዳ ቀለም ነው። ብርሃኑ የሚፈልገው ሜላኒን ነው፤ ሜላኒን ደግሞ ጸጉራችን ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቆዳችን ውስጥም በብዛት አለ። በማስታወቂያው የምናየው ነጭ ቆዳና ጥቁር ጸጉር ያላት ሴት ናት፤ ለመሣሪያው ከእሷ የተሻለ ሰው የለም። ሐኪሞች የቆዳን ቀለም ፊትዝፓትሪክ በሚባለው መለኪያ ከ1 እስከ 6 ይከፍሉታል፤ አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ባለው ውስጥ ነን። የታወቁት የአይፒኤል አምራቾች ለ6ኛው ዓይነት እንዳይጠቀሙበት በመመሪያቸው ይከለክላሉ፤ መሣሪያውም ቆዳው ጠቆር ካለ ብርሃን እንዳይለቅ የሚያደርግ መለያ ይገጠምለታል። ርካሹ አስመስሎ የተሠራው ግን ይህ መለያ ላይኖረው ይችላል። ውጤቱም ቃጠሎ፣ ጥቁር ምልክት ወይም ነጭ ጠባሳ ነው። የብልትና የብሽሽት ቆዳ ከሌላው ሰውነት ስለሚጠቁር አደጋው እዚያ ይብሳል። ሒና ባለበት እጅና እግር ላይም እንዳትሞክሩት። ለጥቁር ቆዳ የሚሻለው ኤንዲያግ የሚባለው ሌዘር ነው፤ እሱ ግን በክሊኒክ፣ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራ ነው።

ማስታወቂያ ስናነብ

ከላይ ያየነውን ይዘን ማስታወቂያዎቹን መልሰን እንያቸው።

«ከሥሩ» ሲል፦ ይነቅላል ወይስ ያሟሟል? ክሬም ከሆነ ከሥሩ አይደለም።

«ለዘላለም» ሲል፦ በቤት ውስጥ ከሚሸጡት ይህን የሚያሟላ የለም።

«100% ተፈጥሯዊ» ሲል፦ ኖራና አርሴኒክም ተፈጥሯዊ ናቸው። ተፈጥሯዊ መሆኑ አያቃጥልም ማለት አይደለም።

«ሐላል» ሲል፦ ስለ ንጥረ ነገሩ ምንጭ ይናገር ይሆናል፤ ቆዳችሁን እንደማይጎዳ ግን አይመሰክርም።

«በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ሲያሳይ፦ ፎቶው የተነሳው በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ ነው? በማግስቱ ከሆነ ምላጭም ያንኑ ያሳያል።

በአገራችን አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው። የመዋቢያ ምርቶችም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ናቸው። ነገር ግን አድራሻ የሌለው የቴሌግራም ሱቅ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የአምራቹን ስም፣ የንጥረ ነገሩን ዝርዝር፣ ጊዜው የሚያበቃበትን ቀንና የምታነቡት መመሪያ መኖሩን ጠይቁ። መልስ ከሌለ ተዉት።

ከተቃጠላችሁ

ክሬሙን በጨርቅ ጠርጋችሁ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አጥፉት። ውሃ ከሌለ ከጀሪካን እየቀዱ ማፍሰስም ያገለግላል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ሎሚ አትቀቡ። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ። ሕመሙ ከበረታ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ካመረቀዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ክሊኒክ ሂዱ። እህቶች ሴት ሐኪም ወይም ነርስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለሕክምና አስፈላጊ በሆነው ልክ ዓውራን መግለጥ የተፈቀደ ነው። የአንሷር ሴቶች ዲናቸውን ከመጠየቅ ሐያእ ስላላገዳቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አመስግነዋቸዋል። ሐያእ ከወንጀል ይከልክለን እንጂ ከመታከም አይከልክለን።

ከዳነ በኋላም ጠቆር ያለ ምልክት ይቀራል። በጥቁር ቆዳ ላይ የተለመደ ነው፤ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። እሱን ለማጥፋት ብላችሁ ወደ ማንጫ ክሬም አትሂዱ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሜርኩሪና ኃይለኛ ስቴሮይድ የተገኘባቸው አሉ። ከአንዱ ማስታወቂያ ጉዳት ወደ ሌላው መሸጋገር ይሆናል።

ለእህቶች አንድ ቃል

አንዳንዶቻችሁ በአገጭና በከንፈር ላይ፣ በደረት ወይም በሆድ ወፍራም ጸጉር ይበቅልባችኋል። አፍራችሁም ምርት ስታፈራርቁ ትኖራላችሁ። ቅንድብ መንቀል በሐዲስ የተከለከለ ቢሆንም ሴት ጺም ወይም ሪዝ ቢበቅልባት ማስወገዷን ኢማሙ ነወዊ የተወደደ ብለውታል። ስለዚህ በዚህ አትጨነቁ። ይልቅ ይህ ጸጉር ከተዛባ የወር አበባ፣ ከብዙ ብጉር ወይም ከክብደት መጨመር ጋር ከመጣ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 10 ሴቶች አንዷ ያህል ላይ የሚታይ ችግር ነው፤ ሕክምናም አለው። ክሬምና ምላጭ ጸጉሩን ያነሳሉ፤ ምክንያቱን ግን አያነሱም። ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ለማጠቃለል

ከምርቶቹ ውስጥ የሚሠሩ አሉ፤ ግን እያንዳንዱ የሚሠራው በሚደርስበት ጥልቀት ልክ ነው። ምላጭ ለቀናት፣ ክሬም ከዚያ ትንሽ ቢያልፍ፣ ዋክስ ለሳምንታት፣ የብርሃን መሣሪያ ደግሞ ቆዳው ለሚስማማው ሰው ቅነሳ። ከዚህ በላይ የሚሉት ሁሉ ለገንዘባችሁ ነው። ሱናው ቀላል ሆኖ የመጣ ነገር ነው፤ በገዛ እጃችን አናክብደው።

ያቺ እህታችን የዒድ ሶላትን በዚያ ዓመት አልደረሰችበትም። ዶርም ውስጥ ተኝታ ተክቢራውን በመስኮት ሰማችው። «የተቃጠልኩት ሳይሆን ይሄ ነው የሚቆጨኝ» ትላለች። አሁን የራሷ ምላጭ አላት፤ ከቁምሳጥኗ ጀርባ ደግሞ የ40 ቀን ምልክት የምታደርግበት ወረቀት ለጥፋለች።

አላህ ገላችንንም ልባችንንም ያጥራልን፤ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባወቅነውም ይጥቀመን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ